ኖቫዋን ማቅለል

ሂውሮን ሐይቅ ላይ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1983

ለልጄ ለሎርና፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር አሥራ አንድ ዓመት "ሰነበትሽ" አይባልም። ሰላም ላንቺ ይሁን ብዬ ልለፈው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዲትሮይት ወንዝ ላይ ስናልፍ መርከባችን አይቆምም። የፖስታ ጀልባዋ ጎናችን ተለጥፋ ትሄዳለች፣ እኛ ባልዲ በገመድ እናወርዳለን፣ እነሱ ፖስታውን ይጨምሩበታል፣ እንጎትታለን። እዚህ ማዕድን ጫኝ መርከብ ላይ ስኖር ያ ባልዲ ሲወጣ አጠገቡ ቆሜ አላውቅም። ምን ሊመጣልኝ? ባለፈው ማክሰኞ ግን ወጥ ቤቱ ሞተር ክፍል ድረስ ወርዶ አንድ ፖስታ አፍንጫዬ ሥር አወዛወዘ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ልሰድበው ነበር። የላኪዋን ስም ሳይ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ለአቶ ኤልውድ ክራውስ፤ እርስዎን ለማስቸገር ሳይሆን" ብለሽ ጀምረሻል። ልጄ፣ እርስዎ ስትይኝ ካፒቴኑን የምታናግሪ ይመስለኛልና ከቻልሽ አንተ በይኝ። ካልቻልሽም አልቀየምም። የመቀየም መብትም የለኝም።

እናትሽ ጄኒቫ ከአዲሱ ባሏ ጋር ፍሎሪዳ መግባቷን ካንቺ ነው ያወቅሁት። ቤቱን ላንቺ ትታ፣ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችውን ኖቫ መኪናዬን ደግሞ "የአባትሽን ኮተት ወይ ሽጪው ወይ ንጂው" ማለቷ አሳቀኝ። ጄኒቫ እንዲህ ስትል ፊቷ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ መኪናዋ የኔ ነበረች። አዎ፣ ሃርትዌል ባለው የሩብ ማይል ሜዳ እሽቀዳደምባት ነበር። በ15.20 ሰከንድ መጨረስሽ አያሳፍርም፤ የሳቁብሽ ሰዎች የራሳቸውን የመጀመሪያ ቀን ረስተውት ነው።

ምንም ሳይገዛላት ትፈጥናለች ወይ? ትፈጥናለች። ተገዝቶ የመጣ ፍጥነት የሻጩ ነው። ኮፈኑን ክፈቺና ካርቡራተሩ ላይ የተቀመጠውን፣ ድስት የመሰለውን የአየር ማጣሪያ ታገኚዋለሽ። ክዳኑን ፍቺና ገልብጠሽ መልሰሽ እሰሪው። ሞተሩ እንደልቡ ይተነፍሳል። ከዚያ የኋላ ዕቃ መጫኛዋን ባዶ አድርጊ፤ ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩ፣ እኔ የተውኩት የመፍቻ ሣጥን ሁሉ ይውጣ። ቤንዚን ከሩብ በላይ ይዘሽ አትሰለፊ። መኪናም እንደ ሰው ነው፣ የማይጠቅመውን ተሸክሞ ነው የሚደክመው።

መጨረሻ ላይ በእርሳስ ጽፈሽ የሰረዝሽው ጥያቄ ይነበባል። ለመልሱ ጊዜ ስጪኝ።

አባትሽ ኤልውድ


ሃርትዌል፣ ኢንዲያና፣ ሜይ 9 ቀን 1983

ለአባቴ፤

"አንተ" ብዬ ልጽፍ ስል ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። በአራተኛው ይኸው።

ባትጠይቀኝም፣ አዎ፣ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነው ያለሁት። ሃያ ዓመቴ ነው፤ አትጨነቅ። ጠርሙስ ፋብሪካ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እሠራለሁ፣ ከዚያ ቤት ገብቼ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ለአንድ ሰው እራት እሠራለሁ። ለአንድ ሰው መሥራት የሚቻል አይደለም። ሁልጊዜ ይተርፋል።

ክዳኑን ገለበጥኩት። ሞተሩ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሰው ሆነ። ሣጥንህን ብቻዬን ማንሳት አቅቶኝ በምንጣፍ ጎትቼ ነው ያወጣሁት፤ ምን ብረት ነው ያጨቅህበት? ቅዳሜ 14.91 ገባሁ። ትኬት የምትቆርጠው ወይዘሮ ኦፓል ከዳሷ ወጥታ "ጎሽ የኔ ልጅ!" አለችኝ። ከሷ በቀር ያየልኝ የለም።

ዶኒ ላርኪን የሚባል አለ። አባቱ ሙሉ ሞተር በካታሎግ አስመጥቶ የገጠመለት ነው። ገና ስደርስ መኪናው ላይ ተደግፎ፣

"እታለም፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንሽን ነው እንዴ እየነዳሽ የመጣሽው?" አለኝ።

"አዎ፣ ካልሲህ እዚህ ድረስ ሸተተኝ" አልኩት።

ጓደኞቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔም ሳቅሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ይህን የምነግረው ሰው ማን አለ ብዬ አሰብኩ። ላንተ ልጽፈው ብዬ ያዝኩት።

ቤቱ ስልክ አለው፤ ቁጥሩን ከታች ጽፌዋለሁ። ወደብ ስትገቡ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደውልልኝ። ፊትህን ከፎቶ አውቀዋለሁ፣ ድምፅህ ግን ጠፍቶብኛል። ለመያዝ ሞክሬ ነበር፤ የሚመጣልኝ የመምህሬ ድምፅ ነው።

ሌላስ ምን ላውጣላት?

ሎርና


ዱሉዝ ወደብ፣ ሜይ 22 ቀን 1983

ለልጄ ለሎርና፤

14.91 የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ጠረጴዛ መታሁ። የካልሲውንም ነገር አንብቤ አንብቤ አልጠግበው አልኩ። የእናትሽ አፍ ነው ያለሽ፤ ተመስገን።

ስለ ስልኩ። እዚህ ወደብ አንድ ስልክ ነው ያለው፣ ሠላሳ ሰው ይሰለፍበታል፣ ማዕድኑ ሲጫን ደግሞ ጫጫታው አይጣል ነው። ጁን አምስት እሑድ ቶሊዶ እንገባለን። ምናልባት ያን ቀን። አልማልልሽም።

ወደ መኪናዋ እንመለስ። አሁን ወንበሮቹን አውጪ። የኋለኛው ብሎን የለውም፤ ከፊት ገፍተሽ ወደ ላይ ስትመነጭቂው ይነቀላል። ከጎንሽ ያለው በአራት ብሎን ነው የታሰረው። ሩብ ማይል ላይ ከጎን የሚቀመጥ ሰው የለም። የፊት ጎማዎችን አጠንክረሽ ንፊ፣ የኋላዎቹን መሬት እንዲነክሱ አለዝቢያቸው። ልትሮጪ ስትሰለፊ ደግሞ የቬንትሌተሩን ቺንጋ፣ ማራገቢያውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ አውልቂ። ለአሥራ አምስት ሰከንድ ሞተሩ አይሞትም፣ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ጎማ ይሄዳል። ስትጨርሺ መልሰሽ ማሰር እንዳትረሺ። እኔ አንዴ ረስቼ ወደ ቤት ስመለስ እንደ ማንቆርቆሪያ ፈልታብኝ፣ እናትሽ "ሻይ አፍልተህ መጣህ?" ብላ ለወር ተሳለቀችብኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራው ያው ነው፤ ዘይት መቀባት፣ ማጥበቅ፣ መጥረግ። ከመርከቡ ልጆች ጋር ካርታ መጫወት ትቻለሁ። አሁን አሁን ቀልዳቸው አይገባኝም። መኝታ ክፍሌ ገብቼ ያንቺን ደብዳቤ አነባለሁ።

አባትሽ


ሃርትዌል፣ ጁን 13 ቀን 1983

ለአባቴ፤

ጁን አምስት ቤት ነበርኩ። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ። ዕቃ እንኳ ሳጥብ ጥሪው እንዳያመልጠኝ ብዬ ቧንቧውን በቀጭኑ ከፍቼ ነው። አንዴ ጠራ። አንድ ሽማግሌ ነው፣ ቁጥር ተሳስቶ የዶሮ መኖ የሚሸጥበት መደብር የደወለ መስሎታል። ቶሎ ልዘጋበት አልፈለግሁም። ስለ ዶሮዎቹ ጠየቅሁት፤ አሥራ አራት ናቸው፤ አንዷ አንካሳ ናት።

"አልማልልሽም" ስላልከኝ አልዋሸኸኝም። ይህን ለራሴ ነግሬዋለሁ።

ወንበሮቹ ወጥተዋል። ከጎኔ ያለው አራተኛው ብሎን ዝጎ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ክርኔንም ላጠኝ። አሁን ውስጧ ኦና ቤት መስሏል፤ ሳስነጥስ ይመልስልኛል። ቅዳሜ 14.52 ገባሁ። ዶኒ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ፣

"ወንበር የሌለው ታክሲ! ተሳፋሪዎችሽ ቆመው ነው የሚሄዱት?" አለ።

"ቆመውም ይቀድሙሃል" አልኩት።

አልቀደምኩትም። እሱ 14.30 ነው የሚገባው። ግን ከመቼውም ይልቅ ቀረብኩት፤ ሲያየኝ መሳቁን ቀንሷል።

ለምን እንዳልደወልክ ባትነግረኝም፣ እባክህ መጻፍህን አታቁም።

ሎርና


ሚሺጋን ሐይቅ ላይ፣ ጁን 29 ቀን 1983

ለልጄ ለሎርና፤

ይቅርታ አድርጊልኝ። የቧንቧውን ነገር የጻፍሽበትን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚህ በላይ ብጽፍ ሰበብ መደርደር ይሆናል።

ይልቅ የሰረዝሽውን ጥያቄ ልመልስ። ለምን ሄድክ ብለሽኛል። እናትሽና እኔ አልተደባደብንም፣ ሌላ ሴትም አልነበረችም። እኔ ዝም የምል ሰው ነበርኩ፣ እሷ መልስ የምትፈልግ ሰው ነበረች። ክረምት ላይ ሥራ ስፈታ ለሳምንታት ቃል ሳልተነፍስ መስኮት ሥር እቀመጥ ነበር። "አንድ ነገር በል እንጂ፣ ስደበኝም!" ትለኝ ነበር። አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ አንቺም በእግር ጣትሽ መራመድ ጀመርሽ። መርከብ ላይ ሰው ይፈለጋል ሲባል ለአንድ ወቅት ብዬ ሄድኩ። ከዚያ በየዓመቱ "ዘንድሮ ደግሞ በምን ፊቴ" እያልኩ አንዱ ወቅት አሥራ አንድ ሆነ። የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። ይኸው ብቻ ነው።

አሁን ሞተሯን አቀዝቅዢያት። ሁለት ጊዜ በተከታታይ አትሩጪ። ኮፈኑን ከፍተሽ አንድ ሰዓት አሳርፊያት፣ በረዶ በከረጢት አድርገሽ ካርቡራተሩ የተቀመጠበት ብረት ላይ አስቀምጪበት። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው፣ ይበረታል። ከሞተሩ ጀርባ ደግሞ የካንዴላ ገመዶች ሁሉ የሚሰበሰቡባት ክብ ዕቃ አለች። ማሰሪያዋን አላልተሽ የጥፍር ውፍረት ያህል ወደ ግራ አዙሪያት። ስትነጂ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ የሚንከባለል የመሰለ ድምፅ ከሰማሽ አብዝተሻልና መልሺያት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሰዓቱን ብቻ አትጻፊልኝ። ድምፅዋን ጻፊልኝ። ቆማ ስትጠብቅ፣ ስትነሳ፣ ከአንደኛ ማርሽ እስከ አራተኛ ምን እንደምትል።

አባትሽ


ሃርትዌል፣ ጁላይ 18 ቀን 1983

አባባ፤

ምክንያትህን አነበብኩ። የተሻለ እንዲሆን እኔም ተመኝቼ ነበር። ግን እውነት እንደሆነ የገባኝ፣ በእግር ጣቴ መራመዴን እኔ ራሴ እስካሁን ስለማስታውሰው ነው።

ድምፅዋን ጻፊልኝ ብለሃል። ማንም እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጆሮዬን ተክዬ ነው የሰማኋት።

ቆማ ስትጠብቅ የሰነፍ ከበሮ ናት፤ ዱብ፣ ዱብ፣ አንዳንዴ አንዱን ምት ትዘለዋለች። አረንጓዴው ሲበራ አንደኛ ማርሽ ላይ ታጓራለች፣ በሬ በጠባብ በር ተጋፍቶ እንደሚወጣ። ሁለተኛ ላይ ጩኸቱ ይቀጥናል፣ ሸራ ከላይ እስከ ታች ሲተረተር። ሦስተኛን እወደዋለሁ። ሦስተኛ ላይ ሁሉም ድምፅ ገጥሞ አንድ ይሆናል፣ ጥርሴ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በላይ የሚጮህ ነገር ስለሌለ ዝም ያለ ይመስላል። አራተኛ ላይ ነፋሱን ብቻ ነው የምሰማው። መጨረሻውን አልፌ እግሬን ሳነሳ ቱፍ ቱፍ ትላለች፣ የተቆጣች አሮጊት መስላ። ይበቃሃል?

14.19! ዶኒን በሁለት መኪና ርዝመት ጥዬው ሄድኩ። ወርዶ ጎማዬን በእርግጫ ነካ አድርጎ፣ "በረዶ የምትበላ መኪና አይቼ አላውቅም" ብሎ ሄደ። ጋራዡ ምሰሶ ላይ በመሮ የተቀረጸ "14.06፣ ኦገስት 1970" አገኘሁ። ያንተ ነው አይደል? ካንተ አሥራ ሦስት መቶኛ ቀርቶኛል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አሥራ ሦስት ውስጥ መግባት አለ፤ አንተም ያልገባህበት።

ሴፕቴምበር 24 ቅዳሜ የዓመቱ መዝጊያ ነው። እንድትመጣ እፈልጋለሁ። መናገር ካልፈለግህ አትናገር፤ አጠገቤ ቁም ብቻ።

ልጅህ ሎርና


ቶሊዶ፣ ኦገስት 15 ቀን 1983

ለልጄ ለሎርና፤

የድምፁን ደብዳቤ በኪሴ ይዤው ነው የምዞረው። እጥፉ ላይ ሊበጠስ ነው፤ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ።

የዚህ ፖስታ ማኅተም የመርከብ እንዳልሆነ ሳታዪ አትቀሪም። መርከቡ ጥገና ገብቷል፣ እኔም ለጊዜው እዚህ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። መስኮቱ ወደ ጡብ ግድግዳ ነው። የቤቱ እመቤት ስልክ አላት፣ ግን ተከራይ ሲጠራ አትወድምና ቁጥሩን መስጠት ይከብደኛል። አትቀየሚኝ።

ሴፕቴምበር 24 አልችልም። ያን ጊዜ ላይኛው ሐይቅ ላይ እንሆናለን። አዝናለሁ፣ ከልቤ።

14.19 መግባትሽን ካየሁ ወዲያ የቀረሽ መኪናዋ ውስጥ ሳይሆን አንቺ ውስጥ እንደሆነ ገብቶኛል። መነሻው ላይ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ። ሁለተኛዋ ልክ ብልጭ ስትል ቁሚ፤ አንዲት ጣት እንኳ አትለፊ። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ጎማሽ መነሻው ላይ ካለው የብርሃን ጨረር ሲወጣ ነው፤ ያቺ አንድ ስንዝር በነፃ የምታገኚያት መንደርደሪያ ናት። ስትነሺ ፍሪሲዮኑን በአንዴ አትልቀቂው፣ አንሸራትቺው። ሦስተኛን ደግሞ አታዘግዪ። እወደዋለሁ ስትዪ ጊዜ ጠርጥሬያለሁ፤ እዚያ ትቆያለሽ። የሚወዱትን ማርሽ ቶሎ መልቀቅ ነው የውድድር ትልቁ ነገር።

ምሰሶው ላይ ያለው የኔ ነው። ከሥሩ ቦታ አለ።

አባትሽ


ሃርትዌል፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1983

ለአቶ ኤልውድ ክራውስ፤

ይህን የምልከው ወደ ቶሊዶ ነው። እንዳሉት ላይኛው ሐይቅ ላይ ከሆኑ አይደርስዎትም። ከደረሰዎት ግን ማወቅ የምፈልገውን አወቅሁ ማለት ነው።

ትናንት 13.97 ገባሁ። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ፣ ምክንያቱም ሥራው የእርስዎም ነው።

ሰዓቴ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብዬ ከመኪናዋ ስወርድ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው አየሁ። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ሰማያዊ የመርከበኛ ካፖርት የለበሰ፣ በሁለት እጁ የአጥሩን ብረት የጨበጠ። በእማዬ አልበም ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው፣ ሸብቶ። ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ። ሳልደርስ ዞረና ወደ በሩ መሄድ ጀመረ። "አባዬ!" ብዬ ጠራሁ። ከኋላው አሥር እርምጃ ብቻ ነበር የቀረኝ። ሌላ መኪና አይሮጥም ነበር፤ ሜዳው ጸጥ ብሏል። ደግሜ ጠራሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ዶኒ ሳይቀር። ሦስተኛውን ስጠራ ድምፄ ተሰነጠቀ። ሰውዬው አልዞረም። እኔም ቆምኩ። አሥራ አንድ ዓመት ጀርባውን የሰጠኝን ሰው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተከትዬ ልያዘው?

ኋላ ወይዘሮ ኦፓልን ጠየቅኋት።

"ያ ሰውዬ ጤነኛም አይመስለኝ" አለችኝ። "ሲገባ 'ተመልካች ነህ ወይስ ተወዳዳሪ?' ብዬ ጠየቅሁት። አፌን አፌን እያየ 'አዎ' አለኝ። ሁለተኛ ጠየቅሁት፤ አሁንም 'አዎ'! ትቼው አስገባሁት።"

ያ ሰው እርስዎ ካልሆኑ ይቅርታ ይደረግልኝ። እርስዎ ከሆኑ ግን፣ ዝም ማለትዎን አንዴ በልጅነቴ አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛ ለማየት አቅም የለኝም። ምክር የሚሰጡኝ ለመኪናዋ ከሆነ እሷ ደርሳለች። ከእንግዲህ አይጻፉልኝ።

ሎርና ክራውስ


ቶሊዶ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1983

ሎርና፤

ደርሶኛል። እኔ ነበርኩ።

አትጻፍ ብለሻል፤ ይህን አንዱን አንብቢና ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።

አልሰማሁሽም። ጨክኜ አይደለም። ጆሮዬ የለም፣ ልጄ። ሞተር ክፍል በላው። ግራው ከሦስት ዓመት በፊት ሄደ፣ ቀኙ ቀስ እያለ ተከተለው። ባለፈው ክረምት ልጆቹ ሲስቁ እያየሁ አብሬ እስቅ ነበር፤ አንድ ቀን በራሴ ላይ እየሳቅሁ መሆኔን ደረስኩበት። በጁላይ ለሐኪም አቀረቡኝ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጎ "ድምፅ ስትሰማ ይህን ቁልፍ ተጫን" ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። ፊቱን እያየሁ፣ ቅንድቡ ነቅነቅ ባለ ቁጥር ስጫን ቆየሁ። ገባውና ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ። ያኔ አለቀ። በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ከመርከብ ወረድኩ። የመርከቡ ጥገና ውሸት ነው። ላይኛው ሐይቅም ውሸት ነው።

ጁን አምስት ስልኩ ጋ ሄጄ ነበር። ቁጥርሽን ከመጨረሻዋ በስተቀር ደወልኩት። ሃሎ ብትዪ አልሰማም፤ ዝም ብል ደግሞ አንድ ባለጌ የሚቀልድብሽ ይመስልሻል። ዘጋሁት። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ትከሻዬን ይዞ ገለል እስኪያደርገኝ ድረስ።

ቅዳሜ በአውቶቡስ መጣሁ። ወይዘሮዋ ምን ጠይቃኝ እንደነበር ገና አሁን ካንቺ ነው ያወቅሁት። ስትሮጪ የአጥሩን ብረት ይዤ ነበር፤ ብረቱ ይነግረኛል። በመዳፌ ሰማሁሽ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛን ወዲያው ለቀቅሽው። ሰሌዳው ላይ 13.97 ሲበራ ዓይኔ ሞላ፣ ሰው ሳያየኝ ልውጣ ብዬ ዞርኩ። የጠራሽኝ ያን ጊዜ ነው ማለት ነው። ሦስቴ። ባትጽፊልኝ ኖሮ ሳላውቀው እሞት ነበር።

ለምን ቀርቤ አልሳምኩሽም ካልሽ፣ ፈራሁ። ስታወሪኝ ምን ልመልስልሽ ነው? ወረቀት ላይ አባት ነኝ፤ ሁሉን እሰማለሁ፣ እመልሳለሁ፣ እመክራለሁ። ፊትሽ ስቆም ግን ለሁሉ ነገር "አዎ" የሚል አንድ ሽማግሌ ነኝ። ዝምታዬን አንዴ አምጥቼብሻለሁ። አሁን ደግሞ ልተወው ብፈልግም የማልችለውን ይዤ እንዴት ልምጣ?

ኤልውድ


ሃርትዌል፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1983

አባዬ፤

ተናድጃለሁ። መጀመሪያ እሱን እወቅልኝ። አምስት ወር ስለ ጎማ ንፋስና ስለ ብሎን ስትጽፍልኝ፣ "ጆሮዬ ታሟል" የምትል አንዲት መስመር አቃተችህ። ሞኝ ነህ። ይህን በትልልቅ ፊደል ልጽፈው ነበር።

ደብዳቤህን ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ቆሜ አንብቤ ስጨርስ የሥራ ደወል ተደውሎ አልሰማሁትም፤ እኔም አንተን ሆንኩ። ኢኔዝ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ኢኔዝ ማሽኑ ላይ ፊት ለፊቴ የምትሠራ ሴት ናት። ስለሷ ልንገርህ። እዚያ ውስጥ በደቂቃ ሦስት መቶ ጠርሙስ እየተጋጨ ነው የሚያልፈው፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ማንም ማንንም አይሰማም። እኔና ኢኔዝ ግን ስናወራ ነው የምንውለው። ስለ ሦስቱም ምጦቿ፣ ስለ ባሏ ኩርፊያ፣ ስለ አማቷ ስስት፣ ሁሉንም ነግራኛለች፤ በከንፈሯና በእጇ። ድምፅዋን የማውቀው ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያለ ድምፅ ስታወራ ይበልጥ ታስቃለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁ። አንተን ለማነጋገር እኔ የምማረው ነገር የለም። የምትማረው አንተ ነህ፣ እኔ አስተምርሃለሁ። አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ ያልገባህን ነገር "አዎ" ማለት ክልክል ነው።

ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ዶኒ ላርኪን ነዳጅ ማደያ አግኝቶኝ ነበር። መሬት መሬት እያየ፣

"መኪናሽን ማነው የሠራልሽ?" አለኝ።

"አባቴ።"

"ያ ስትጠሪው የነበረው ሰውዬ?"

"እሱ።"

"ሰውዬው አልሰማሽም መሰለኝ" አለ።

ባለጌ ቢሆንም እኔ ያልገባኝ ለሱ ገብቶታል። ተናድጄ ነበር፣ ግን ቤንዚኑን ሳይቀዳልኝ አልሄደም፣ መስታወቴንም ጠረገልኝ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትጻፍ፤ ቢላክም አይደርስልኝም። እሑድ ኦክቶበር 9 ማለዳ ተነስቼ ቶሊዶ እመጣለሁ። ከፖስታው ላይ አድራሻህ አለኝ። ስለ ወሬያችን አትጨነቅ፤ ወረቀትና እርሳስም እይዛለሁ፣ ከንፈሬ ካስቸገረህ።

ሰባት ሰዓት ላይ የቤቱ መግቢያ ደረጃ ላይ ቁጭ በል። ከየት በኩል እንደምመጣ እያልክ አንገትህን አታዟዙር። አልጠራህም። ከፊትህ መጥቼ እቆማለሁ።

ልጅህ ሎርና